በአውሮፕላን ወንበር ላይ ያለውን ሶኬት እንዴት እንጠቀም?

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ባለ ረጅም በረራ፣ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት ብዙ ጊዜ በሁለት ወንበሮች መካከል፣ ከመቀመጫው ሥር ስለሚገኝ፣ የአውሮፕላኑ የውስጥ መብራት ከመደብዘዙ በፊት ሶኬቱ የት እንዳለ አይቶ ማወቅ ይመረጣል።

ሶኬቱ በአብዛኛው 110 ቮልት ይሰጣል፤ ሆኖም በቻርጀርዎ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ከተመለከተ፣ ቤት ውስጥ በ220 የሚሠራው ቻርጀር ያለ ትራንስፎርመር ያገለግላል። ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ዋቱ፣ ማለትም ቻርጀሩ የሚስበው የኃይል መጠን ነው። ብዙዎቹ ሶኬቶች ከ75 ዋት ገደማ በላይ ስለማይሸከሙ፣ ባትሪው ያለቀ ትልቅ ላፕቶፕ እየተሠራበት ሲሰካ ሶኬቱ ራሱን ሊያጠፋ፣ በሶኬቱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ልትጠፋ ትችላለች። ያን ጊዜ ቻርጀሩን ነቅለው ጥቂት ይጠብቁ፤ ከዚያም ላፕቶፑን ዘግተው እንደገና ይሰኩት። ካልሠራ የበረራ አስተናጋጆችን ይጠይቁ። የፀጉር ፎንና ፒያስትራ ግን ፈጽሞ አይሰኩም።

አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ኃይሉ ሊቋረጥ ስለሚችል ብልሽት አይምሰልዎ። በብዙ ሰው አገልግሎት የላላ ሶኬትም አያስገርምም፤ ከባዱ ቻርጀር እየወለቀ ካስቸገረ፣ ቀላል የስልክ ቻርጀር ወይም አጠገቡ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሻላል።