ፍላሹን ከካሜራው ማውረድ፦ በትንሽ ብር እንዴት ይሠራል?

ካሜራ አናት ላይ የተሰካ ፍላሽ ማንንም ሰው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያስመስለዋል። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ግንባር ያብለጨልጫል። ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። ጥፋቱ የፍላሹ ሳይሆን የቦታው ነው። ብርሃኑ ከሌንሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ ፊት ላይ ጥላ አያስቀርም፤ ቅርጽ የሚያወጣው ደግሞ ጥላ ነው። ያንኑ ፍላሽ አውርዳችሁ አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስትወስዱት ጉንጭና አፍንጫ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ለዚህ ስቱዲዮ መከራየት አያስፈልግም። አንድ ፍላሽ፣ አንድ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከርቀት የሚያበራው)፣ አንድ ስታንድና አንድ ነጭ ጃንጥላ ይበቃል። ሁለተኛ ፍላሽ ካማራችሁ ለጊዜው ተዉት። ካሜራው ግን ፍላሽ የሚሰካበት መሰኪያ ያለው መሆን አለበት፤ በስልክ ይሄ ነገር አይሆንም።

ምን ልግዛ?

ፍላሹን ስትጠይቁ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኃይሉን በእጅ መቀነስና መጨመር ይቻላል ወይ? ከሙሉ ኃይል እስከ 1/128 ድረስ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ከሆነ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ቲቲኤል የሚሉት ካሜራው ራሱ ኃይሉን የሚመርጥበት ዘዴ አለ። ዋጋውን ያስወድዳል። ስታንድ ላይ ለቆመ ፍላሽ ብዙም አያስፈልግም። ሰውየውም መብራቱም ቦታቸውን ካልቀየሩ ኃይሉን አንዴ ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ።

በርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው የሚይዛቸው ሁለት ናቸው፦ ጎዶክስ ቲቲ 600 እና ዮንግኑዎ 560፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስሪት። ሁለቱም የሬዲዮ መቀበያ ሆዳቸው ውስጥ አላቸው። ስለዚህ ካሜራው ላይ የሚሰካ አንድ ትሪገር ብቻ ነው የምትገዙት። ለጎዶክስ ኤክስ 2 ወይም ኤክስፕሮ፣ ለዮንግኑዎ 560 ቲኤክስ። የአንዱ ትሪገር ከሌላው ፍላሽ ጋር አይግባባም፤ ሳትጠይቁ ቀላቅላችሁ እንዳትገዙ። ትሪገሩ ደግሞ በካሜራው ዓይነት ይለያያል፦ የካነን፣ የኒከን፣ የሶኒ እያለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጎዶክሱን እመርጣለሁ። ነገ አቅም ሲፈቅድ ትልቅ መብራት ብትገዙ በዚያው ትሪገር ይሠራል።

ለትሪገር ብር ካጠረ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ካሜራችሁ የራሱ ትንሽ ፍላሽ ካለው ኃይሉን በእጅ ዝቅ አድርጉት፤ ስታንድ ላይ ያለውን ፍላሽ ኤስ 1 የሚለው ላይ አድርጉት። የካሜራውን ብልጭታ አይቶ እሱም አብሮ ይበራል። ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ፀሐይ ላይ ግን አያስተማምንም።

ያገለገለ ከገዛችሁ ከሻጩ ፊት ሞክሩት። የባትሪ ድንጋይ ቤቱን ክፈቱ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ድንጋይ ፈሶበታል ማለት ነው። ከዚያ ሙሉ ኃይል ላይ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አብሩት። አንዳንዴ እየዘለለ የሚበራ ከሆነ ተዉት። የድሮ ዘመን ፍላሾችን ግን ርካሽ ናቸው ብላችሁ ካሜራ ላይ አትሰኩ። አንዳንዶቹ መገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ስላለ የዛሬ ካሜራ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። የተበላሸ ፍላሽም ቢሆን ፈታታችሁ አትነካኩ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ክፉኛ ይመታል።

ድንጋይ ላይ አትሰስቱ። ፍላሹ ኤኤ የሚባለውን ትንሽ ድንጋይ አራት ይወስዳል። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ድንጋይ ጥቂት ካበራ በኋላ ፍላሹ ለመሙላት ዘለዓለም ይፈጅበታል። እንደ ኢነሉፕ ያሉ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ግን ቶሎ ቶሎ ይሞሉታል። ስምንት ግዙ፦ አራቱ ፍላሹ ውስጥ፣ አራቱ ተጠባባቂ። መብራት ቢጠፋም ፎቶው አይቆምም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። በነዚህ ድንጋዮች የሚሠራ ፍላሽ ጣጣ የለውም። የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለውን ዓይነት ካስመጣችሁ ግን ትርፍ ባትሪው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ኤርፖርት ላይ ተወስዶባቸው እንዳያዝኑ።

ጃንጥላው ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ይሁን። ከላይ ጥቁር የለበሰው ዓይነት ብርሃን ወደ ኋላ የሚመልስ ነው፤ እሱም ይሠራል፣ ግን ሰው አጠገብ ማስጠጋት አይመችም። ጃንጥላውንና ፍላሹን ስታንዱ ላይ የሚያስር ብራኬት የሚሉት መያዣም አለ፣ እንዳይረሳ። ፍላሹ አፍ ላይ የምትሰካዋን ነጭ የፕላስቲክ ኮፍያ ግን አልፋችሁ ሂዱ። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ሲተልቅ ነው። ኮፍያዋ ደግሞ ከፍላሹ ብዙም አትበልጥም።

መግጠም

መጀመሪያ ፍላሹንና ትሪገሩን አግባቡ። ሁለቱንም አንድ ቻናል ላይ አድርጉ። ፍላሹን ግሩፕ ኤ ላይ አድርጉትና የሬዲዮ መቀበያውን አብሩ። ትሪገሩ ላይ ያለውን መሞከሪያ ስትጫኑ ፍላሹ ብልጭ ካለ ጨርሳችኋል። ካሜራው ላይ ደግሞ ድምፅ አልባ የሚለው ሹተር (ሹተር ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ነው) ካለ አጥፉት። አብዛኞቹ ካሜራዎች በእሱ ፍላሽ አያበሩም፤ ሰው ትሪገሩ ተበላሸ ብሎ የሚጨነቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስታንዱን ስትዘረጉ እግሮቹን ሰፋ አድርጉ። አንዱ እግር ጃንጥላው ባጋደለበት አቅጣጫ ይሁን። ከታች ውሃ የሞላ ባለሁለት ሊትር ሃይላንድ በፌስታል አንጠልጥሉበት። የአሸዋ ከረጢት ከመግዛት ይሄ ይሻላል። ጃንጥላውን ዘርግታችሁ ዘንጉን ብራኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ፤ ፍላሹ ፊቱን ወደ ጃንጥላው ሆድ ያዙር፤ ጉብ ያለው ጀርባ ወደሚነሳው ሰው ይመልከት። የፍላሹን ዙም 24 ወይም 35 ላይ አድርጉት። 105 ላይ ከተዋችሁት ብርሃኑ የጃንጥላውን መሐል ብቻ ይመታል፤ የቀረው ጨርቅ በከንቱ ተዘርግቷል ማለት ነው።

ጃንጥላ ከሌለስ? ፍላሹን ሰውየው አጠገብ ወዳለ ነጭ ግድግዳ አዙሩት። ያ ግድግዳ ራሱ ትልቅ መብራት ይሆናል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙን ፊት ላይ ያመጣዋል። ያኔ ሁለት ሜትር አቡጄዲ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ ወጥራችሁ ስቀሉ።

የመጀመሪያው ፎቶ

አንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ፦ የክፍሉና የፍላሹ። ሥራው ሁሉ እነዚህን ለየብቻ ማዘዝ ነው። ሹተር ስፒድ፣ ማለትም ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሚያዘው የክፍሉን ብቻ ነው። ፍላሽ በጣም አጭር ጊዜ ብልጭ ብሎ ስለሚያልቅ ሹተሩ ቢዘገይም ቢፈጥንም ግድ የለውም። የፍላሹን ኃይል ስትቀይሩ ደግሞ የክፍሉ ብርሃን አይነካም። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሁለቱንም ይነካሉ።

ካሜራውን ማኑዋል፣ ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበት ላይ አድርጉ። አይኤስኦ 200፣ ሹተር 1/160፣ አፐርቸር 5.6። ፍላሹን አጥፍታችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር ወይም ጥቁር ሊሆን ምንም የማይቀረው መሆን አለበት። ክፍሉ ከታየ ፊት ላይ የአምፖሉ ቢጫ ይቀላቀላል። ሆን ብላችሁ የክፍሉን ድባብ ከፈለጋችሁ ሹተሩን ወደ 1/30 አውርዱት፤ ያለዚያ ጨለማው ይሻላል።

አሁን ፍላሹን አብሩ። ኃይሉ 1/8። ጃንጥላው ከፊቱ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ከካሜራው ወደ ጎን 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከዓይን በላይ ከፍ ብሎ፣ ወደ ታች ያዘነበለ። አንሱና እዩ። ከጨለመ 1/4፣ ከነጣ 1/16። በሁለት ሦስት ፎቶ ትደርሱበታላችሁ። ትክክል መሆኑን የምታውቁት ዓይን ውስጥ ነው፦ ከብሌኑ በላይ በጎን በኩል ትንሽ ነጭ ነጥብ ይታያል። ነጥቡ ከሌለ መብራቱ በጣም ከፍ ብሏል፤ ዝቅ አድርጉት።

ርቀት ከኃይል የበለጠ ጉልበት አለው። መብራቱን ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብትወስዱት ብርሃኑ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ይሄ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰውየውን ከግድግዳው አርቁት፣ መብራቱን አስጠጉለት። ፊቱ ከመብራቱ አንድ ሜትር፣ ግድግዳው አራት ሜትር ከሆነ ግድግዳው የሚደርሰው ብርሃን ፊቱ ከሚያገኘው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የተደራረበው ወንበር ሁሉ ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። ጥቁር መጋረጃ ከመግዛት ዳናችሁ።

ነጭ ቀሚስ፣ ጠይም ፊት

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። አንዲት እናት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ካሜራው ራሱ እንዲለካ ከተዋችሁት ነጩን አይቶ ያጨልማል፣ ፊታቸው ይጠፋል። ለፊታቸው ስታበሩ ደግሞ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ የጥለቱ ክር አይለይም።

መፍትሔው ብርሃኑን ከቀሚሱ ላይ ማንሳት ነው። ስታንዱን ከፍ አድርጉና ጃንጥላውን ቀና አድርጉት። መሐሉ ከፊታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ይለፍ፤ ደረታቸውና ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ዳር ዳሩ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ካሜራው ላይ ከመጠን በላይ የነጣ ቦታን ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ አብሩ። ቀሚሱ ብልጭ ማለቱን እስኪተው ድረስ የፍላሹን ኃይል ቀንሱ። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ የጥለቱን ጠርዝ እዩ፤ ክሩ ለየብቻ መታየት አለበት። ፊታቸው አሁንም ከጨለመ ጃንጥላውን እንደ ከፍታው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። በተቃራኒው ጎን ደግሞ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው እንዲመልስ አንድ ሰው ነጭ ፎም ወይም የታጠፈ አንሶላ ይያዝ። ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል ላይ ካነሳችሁ የቀረውን ኮምፒውተር ላይ ታወጡታላችሁ።

ጠይም ፊትን በብርሃን ማጥለቅለቅ አያምርበትም። መብራቱን የበለጠ ወደ ጎን ብትወስዱት ጉንጭና ግንባር ላይ ለስላሳ ጸዳል ይወጣል፤ የፊቱን ቅርጽ የሚያሳየው ያ ጸዳል ነው። መነጽር ካደረጉ ጃንጥላው መስታወቱ ላይ ይታያል። መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ፣ «እማዬ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» በሏቸው፤ ይጠፋል። «ቤት ውስጥ ጃንጥላ? ሊዘንብ ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ነው፤ ሲስቁ አንሷቸው።

ደጅ ስትወጡ

እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ፍላሽ ከፀሐይ ጋር አይታገልም። አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/200 ላይ ጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 ይወስድባችኋል። የዚህ ዓይነቱ ፍላሽ የኃይል ቁጥር በ35 ሚሊሜትር ዙም 36 ገደማ ነው። ቁጥሩን ለአፐርቸሩ፣ ለ11 ስታካፍሉት ፍላሹ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ታገኛላችሁ፤ ከሦስት ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ያውም በሙሉ ኃይል፣ ያለ ጃንጥላ። ጃንጥላ ሲጨመር ርቀቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ግቡ፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጠብቁ። ፀሐይዋን ከሰውየው ጀርባ አድርጉ። መጀመሪያ ያለ ፍላሽ ሰማዩ እስኪያምር ሹተሩን አስተካክሉ፣ ከዚያ ፊቱን በፍላሽ ሙሉት። ፍጠኑ እንጂ፤ እኛ ጋ ፀሐይ ቶሎ ነው የምትጠልቀው። ትንሽ ነፋስም ጃንጥላውን ከነስታንዱ ይጥለዋል፣ አንድ ሰው ይያዝላችሁ።

አልሠራ ሲል

ፎቶው በአንድ ወገን ጥቁር መስመር ካወጣ ሹተሩ በጣም ፈጥኗል። አብዛኛው ካሜራ ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ሲሆን ሹተሩ አንዴም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ፍላሹ የሚደርሰው የተከፈተውን ክፍል ብቻ ነው። ወደ 1/160 ተመለሱ። አንዱ ፎቶ ብሩህ ሌላው ጨለማ ከሆነ ፍላሹ ሳይሞላ ተኩሳችኋል፤ ፍላሹ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እስክትበራ ታገሱ ወይም ኃይል ቀንሳችሁ አይኤስኦ ጨምሩ። በሙሉ ኃይል ደጋግማችሁ ካበራችሁት ይግላል፤ ቲቲ 600 ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይመለሳል። ሥራ ሲያልቅ ድንጋዩን አውጡ።

ሠርግ ላይ ደግሞ ፍላሹን ኤስ 1 ላይ እንዳትተዉት። ቪዲዮ አንሺው፣ የሙሽራዋ የአጎት ልጅ፣ ማንም ፍላሽ ባበራ ቁጥር የእናንተም አብሮ ይበራል። ኬኩ ሲቆረስ ድንጋዩ አልቆ ያገኛችሁታል።