ጸሎት ላይም "ደህና ነኝ" የምንል ሰዎች ምን እናድርግ

መንገድ ላይ ሰው "እንዴት ነህ" ሲለን "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለን እናልፋለን፣ እሱስ ይሁን ሰላምታ ነው። ችግሩ ተንበርክከንም በዛው መቀጠላችን ነው። እኔ ራሴ ለስንት አመት ጸሎት ስጀምር ድምፄ ሁሉ ይቀየር ነበር፣ "አቤቱ ድካሜን ተመልከት" እላለሁ ግን ድካሜ ምን እንደሆነ አንድም ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ድካም የምትለዋ ቃል ደሞ ስትመች፣ የማትሸፍነው ነገር የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን በስሙ ጥሩት። "በደሌን ይቅር በል" ብቻ ሳይሆን "ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ መንገድ ላይ ነኝ ታክሲ አጥቼ ነው አልኩ"፣ "ባልደረባዬ እድገት ሲያገኝ እንኳን ደስ አለህ ብዬው ውስጤ ግን እርር አለ" በሉ። ያሳፍራል አውቃለሁ። ያዕቆብን እዩት፣ ዘፍጥረት 27 ላይ አባቱ ማን ነህ ሲለው በወንድሙ ስም "ዔሳው ነኝ" ብሎ የወንድሙን በረከት ይዞ ሄደ፣ ከዛ ስንት አመት ቆይቶ ምዕራፍ 32 ላይ ሌሊቱን ሲታገለው ያደረው "ስምህ ማን ነው" አለው፣ ያኔ "ያዕቆብ ነኝ" አለ። ዔሳው እኮ ስሙ ያዕቆብ የተባለው ሁለቴ ስላሰናከለኝ ነው ብሎ አልቅሶበት ነበር፣ ስለዚህ ለኔ ያቺ መልስ ስም መናገር ብቻ አትመስለኝም፣ ኑዛዜ ነች። አዲሱ ስም እስራኤል የመጣውም ከሷ በኋላ ነው።

ንዴትና ጥርጣሬም ካለ አታሳምሩት። መዝሙር 88ን (በግእዙ ዳዊት 87) አንብቡት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምሬት ነው፣ ሲያልቅም ጨለማ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ግን ጸሎት ተብሎ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። ማርቆስ 9 ላይ ያለው የታመመው ልጅ አባትም "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ነው ያለው፣ ጌታም መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ና አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት። መጸለይ ያላሰኛችሁ ቀን "ዛሬ አላሰኘኝም" ብላችሁ ጀምሩ።

ሰዓቱ ማታ ከመተኛት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ በሀሳብ ሂዱበትና ልባችሁን ቆንጠጥ ያደረገው ቦታ ላይ ቁሙ። አንድ ነገር ከበቂ በላይ ነው፣ ሃያ የሚዘረዝር ሰው ብዙ ጊዜ ዋናዋን እየሸሸ ነው (ከራሴ ነው የማውቀው)።

የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ስም ካለበት ግን በጸሎት ብቻ አያልቅም። ሉቃስ 19 ላይ ያለው ቀራጩ ዘኬዎስ ከሰው የወሰደውን "አራት እጥፍ እመልሳለሁ" ያለው ቆሞ ሰው እየሰማው ነው። የታክሲ ረዳቱ ተሳስቶ የጨመረላችሁን መልስ መልሱ፣ ያማችሁትን ሰው ስም በሰማው ሰው ፊት አቃኑ። ከበድ ያለውን ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ፣ ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ የበሰለ አማኝ ተናገሩት። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ኑዛዜ አይደለም። ደሞ ምንም የማያውቀውን ሰው ጠርቶ "ለሶስት አመት እጠላህ ነበር" ብሎ ሸክም ማራገፍን ሀቀኝነት የሚሉት አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ እሱን ለእግዚአብሔር ንገሩና ለሰውየው መልካም አድርጉለት።

ለመለማመጃ ከትንሿ "መንገድ ላይ ነኝ" ጀምሩ። እኔ ባለፈው ጓደኛዬ ሲደውል ምላሴ ላይ ደርሳ መለስኳትና "ይቅርታ ገና አልተነሳሁም፣ ግማሽ ሰአት እዘገያለሁ" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ሳቀ፣ "ኧረ እኔም ገና ቤት ነኝ" አለኝ።