ትልቁ ሮኬት ሲከብድ፦ ከየት ይቀነስ? ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ በአሜሪካ የክለብ ሜዳዎች ላይ ለሚወነጨፉ ትልልቅ ተገጣጣሚ ሮኬቶች ነው፤ የቱቧቸው ስፋት ከ4 ኢንች የማያንስ፣ ቱቦው ከወፍራም ካርቶን፣ ክንፎቹና የሞተሩን ቱቦ በትልቁ ቱቦ መሐል የሚይዙት ቀለበቶች ከኮምፔንሳቶ፣ አፍንጫው ከፕላስቲክ የሆነ፣ 54 ወይም 75 ሚሊሜትር ሞተር የሚጎርስ ዓይነት። የዚህ ዓይነት ሞተር ያለ ፈቃድ አይሸጥም። በብሔራዊው የሮኬት ማኅበር ወይም በትሪፖሊ ማኅበር ደረጃ 1 ያለፈ ሰው ኤች እና አይ፣ ደረጃ 2 ያለፈ ደግሞ ጄ፣ ኬ እና ኤል ሞተር መግዛት ይችላል። ፊደሉ የሞተሩን ጠቅላላ የግፊት መጠን ያመለክታል፤ ጣሪያውም በእያንዳንዱ ፊደል በእጥፍ ያድጋል፤ የጄ ጣሪያ 1,280 ኒውተን ሰከንድ ሲሆን የኬ 2,560 ነው። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። አንድ ሮኬት በኬ ፋንታ በጄ ደህና የሚበር ከሆነ ለማቅለል የጠፋው ድካም በኪስ ይታያል።

ብዙ ሰው ግን ማቅለል ሲጀምር እጁ የገባለትን ሁሉ ይቆርጣል። ከመቁረጥ በፊት መታየት ያለበት ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከኋላ የወጣ 100 ግራምና ከፊት የወጣ 100 ግራም ውጤታቸው አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ከፊት መቀነስ አንዳንዴ ጉዳት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ነጥብ ይነሳል።

ችግር፦ ሮኬቱ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ፋብሪካው ከጻፈው ክብደት በጣም በልጧል

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ማጣበቂያና ቀለም አይጨምርም። ጥፋቱ በአብዛኛው የኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ጠንካራ ማጣበቂያ ነው። ኢፖክሲ በተመሳሳይ መጠን ከበርች ኮምፔንሳቶ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ የሚፈሰውም በአብዛኛው የክንፉ ሥር ላይ፣ ማለትም ጅራቱ ላይ ነው።

ክንፍና ቱቦ በሚገናኙበት ጥግ ላይ የሚሞላውን ኢፖክሲ እናስላ። የክንፉ ሥር 30 ሴንቲሜትር፣ ክንፎቹ 3፣ ስለዚህ በውጭ በኩል የሚሞሉት ጥጎች 6 ይሁኑ። ጥጉ በ12 ሚሊሜትር ራዲየስ ሲሞላ በድምሩ 60 ግራም ያህል ይሄዳል። በ6 ሚሊሜትር ሲሞላ ግን 15 ግራም ብቻ ይበቃዋል። ራዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ኢፖክሲው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ክንፉ በቱቦው ውስጥ አልፎ ከሞተር ቱቦው ጋር የሚጣበቅ ከሆነ ዋናውን ጭነት የሚሸከመው የውስጡ መጋጠሚያ ስለሆነ የውጭውን ጥግ እንደ ምሰሶ ማወፈር አያስፈልግም። የውጩ ለአየር ፍሰትና ለመልክ ይጠቅማል፤ ጥቃቅን የመስታወት አረፋ የተቀላቀለበት ኢፖክሲ በቂ ነው። የውስጡን ግን ባልቀለለ ኢፖክሲ ይሥሩ።

ካርቶንን ከኮምፔንሳቶ ለማጣበቅ ደግሞ የአናጢ ኮላ ይበቃል። በደንብ የተጣበቀ መጋጠሚያ ሲገነጠል የሚላጠው ካርቶኑ እንጂ ኮላው አይደለም፤ ውሃው ተንኖ ስለሚወጣም የሚቀረው ክብደት ትንሽ ነው። ኢፖክሲን ሙቀት ለሚነካው የሞተር ቱቦ አካባቢና ለክንፎቹ መጋጠሚያ ያስቀሩት።

ቀለምን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ከመቀባትዎ በፊትና በኋላ ይመዝኑ። የቱቦውን ጠመዝማዛ መስመር በስቱኮ ሞልቶ፣ ፕራይመሩን በብርጭቆ ወረቀት አብዛኛውን መልሶ ማውረድ ያቀላል። ሦስት ዙር ፕራይመር ሳይፋቅ ከተተወ ግን ቀለም ሳይሆን ቅርፊት ነው።

ችግር፦ ጅራቱ ከብዷል፣ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ መጨመር ግድ ሆኗል

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲበር የክብደት ማዕከሉ (ሲንጠለጠል ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ) ከአየር ግፊት ማዕከሉ (የአየሩ ኃይል ተደምሮ የሚያርፍበት ነጥብ) ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት ወደ ፊት መሆን አለበት። ኋላው ሲከብድ የክብደት ማዕከሉ ወደ ጅራት ይሸሻል፤ ሰውም አፍንጫው ውስጥ የእርሳስ እንክብል ከኢፖክሲ ጋር ያፈስበታል። የአህያ ጭነት በአንድ ጎን ሲያጋድል በሌላው ጎን ድንጋይ እንደማሰር ነው፤ ሚዛኑ ይቃናል፣ አህያዋ ግን ሁለቱንም ትሸከማለች።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። ርዝመቱ 2.4 ሜትር የሆነ ሮኬት የክብደት ማዕከሉ ከአፍንጫው ጫፍ 1.5 ሜትር ላይ እንዲሆን ያስፈልጋል እንበል። በ2.2 ሜትር ላይ ያለ 100 ግራም ከማዕከሉ በ0.7 ሜትር ይርቃል። እርሳሱ የተቀመጠው 0.2 ሜትር ላይ ከሆነ ርቀቱ 1.3 ሜትር ነው። 100 በ0.7 ተባዝቶ ለ1.3 ሲካፈል 54 ግራም ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከጅራት 100 ግራም ያወጣ ሰው ከአፍንጫም 54 ግራም እርሳስ ያወጣል፤ ጠቅላላ ትርፉ 154 ግራም ነው። አጭርና ወፍራም ሮኬት ላይ የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት መጠጋት ሲኖርበት ትርፉ ከዚህም ይበልጣል።

ከጅራት ምን ይወጣል? መጀመሪያ ቀለበቶቹን ይመልከቱ። የ5.5 ኢንች ቱቦና የ54 ሚሊሜትር ሞተር ባለው ሮኬት ቀለበቱ በጣም ሰፊ ነው። መካከለኛውንና የኋላውን በትራፓኖ ክብ ክብ ቀዳዳ አውጥተው ማሳሳት ይችላሉ፤ ሞተር ማቆያው የሚታሰርባቸው ቦታዎች ግን ሙሉ ይቆዩ። የፊተኛውን ቀለበት ፈጽሞ አይብሱት። የፓራሹቱ ገመድ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፤ በተጨማሪም ሞተሩ ራሱ ፓራሹቱን በባሩድ የሚፈነቅል ከሆነ ጋዙ በቀዳዳው ወደ ክንፎቹ ክፍል ይሾልክና ፓራሹቱን የሚገፋው ኃይል ይደክማል። ይህ ከጠፋ ሮኬቱ እንደ ፍላጻ መሬት ይገባል።

ቀጥሎ በቱቦው ውስጥ የተደበቀው የክንፉ ክፍል አለ። አየር አይነካውም፤ ስለዚህ መሐሉን ከፍቶ ጠርዙን ማስቀረት ይቻላል። ከሞተሩ ርዝመት በላይ የሚሄድ የሞተር ቱቦም ሊያጥር ይችላል፤ ነገር ግን ወደፊት ረጅም ሞተር የመጠቀም ሐሳብ ካለ ይተውት።

ክንፉን ራሱን ማሳነስ ወጥመድ ነው። ክንፍ ሲያንስ ክብደት ይቀንሳል፣ ግን የአየር ግፊት ማዕከሉም ወደ ፊት ይመጣልና ያተረፉት ሚዛን ተመልሶ ይጠፋል። ኦፕንሮኬት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ አዲሱን ቅርጽ ሳያስገቡ መጋዝ አያንሱ። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው የክብደት ማዕከል ግን ግምት ነው፤ እውነተኛውን ለማግኘት ሞተሩን ከነነዳጁ፣ ፓራሹቱንና ገመዱን ሁሉ አስገብተው ሮኬቱን በገመድ ያንጠልጥሉ። ሞተር ያልገባበት ሮኬት ሚዛን ምንም አይነግርም።

እርሳስ የግድ ካስፈለገ በኢፖክሲ ከማፍሰስ በብሎንና በዳዶ የሚፈታ ቢሆን ይመረጣል፤ ለከባድ ሞተር ይጨመራል፣ ለቀላሉ ይወጣል። ከዚያም በላይ፣ ሥራ ያለው ነገር የእርሳሱን ቦታ ይያዝ። የጂፒኤስ መፈለጊያው ከነባትሪው አፍንጫው ውስጥ ቢገባ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል።

ችግር፦ ከማስወንጨፊያ ሀዲዱ ሲለቅ ይንቀራፈፋል፣ ወዲያው ወደ ነፋስ ያዘነብላል

የሞተሩ አማካይ ግፊት ለሮኬቱ ክብደት አንሷል። የብሔራዊው ማኅበር የደህንነት ደንብ ሮኬቱ ከአማካይ ግፊቱ ሲሶ በላይ እንዳይመዝን ይከለክላል፤ የሜዳ ልማድ ግን ግፊቱ የክብደቱ አምስት እጥፍ እንዲሆን ነው። 9 ኪሎ የሚመዝን ሮኬት 88 ኒውተን ስለሚከብድ 440 ኒውተን ያህል ግፊት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ማቅለል የመጀመሪያው መድኃኒት አይመስለኝም። በ440 ኒውተን የሚገፋው ባለ 9 ኪሎ ሮኬት 2 ሜትር ያህል በሀዲድ ከተመራ በሰከንድ 12.5 ሜትር ገደማ ይለቃል። ብዙዎች የሚፈልጉት 15 ሜትር ነው። በብዙ ልፋት ወደ 7.5 ኪሎ ቢወርድ 14 ይደርሳል። ክብደቱ ሳይነካ ሀዲዱ 3.2 ሜትር እንዲመራው ቢደረግ ግን 15.8 ይሆናል። ስለዚህ ትራፓኖውን ከማንሳትዎ በፊት ክለቡ ረጅም ሀዲድ እንዳለው ይጠይቁ።

ችግር፦ ክንፎቹ ከሳሱ በኋላ በበረራ ላይ ተርገብግበው ተሰነጠቁ

ክንፍ መርገብገብ የሚጀምርበት ፍጥነት ከውፍረቱ ጋር ቀጥ ብሎ አይቀንስም፤ ከዚያ በላይ ይወርዳል። የ1/4 ኢንቹን ኮምፔንሳቶ በ3/16 መተካት ውፍረቱን በሩብ ይቀንሳል፣ አስተማማኙን ፍጥነት ግን በሲሶ ያህል ያወርደዋል። ቀስ ብሎ ለሚበር ወፍራም ሮኬት ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ወደ ድምፅ ፍጥነት ለሚጠጋ ግን አደገኛ ነው።

የሚሻለው ክንፉን ሥሩ ላይ ሙሉ ውፍረት አስቀርቶ ወደ ጫፉ እያሳሱ መሄድ ነው። ሌላው አማራጭ ባልሳ የተባለውን ቀላል እንጨት መሐል አድርጎ ሁለቱን ፊት በስስ ፋይበርግላስ ጨርቅ መልበጥ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ይሆናል፣ ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ጨርቅ የመለበጥን ዘዴ የሚያመሰግኑ ብዙ ናቸው፤ ጥንካሬው አያከራክርም። ኢፖክሲ የጠጣው ጨርቅ የሚጨምረው ክብደት ግን እዚያው ጅራት ላይ ስለሆነ ከማሳሳቱ የተገኘውን መልሶ ሊበላው ይችላል። መዝኖ መወሰን ነው።

ችግር፦ ሮኬቱ ቀለለ፣ ከፍታው ግን እንደተጠበቀው አልጨመረም

ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ሮኬቱ የሚወጣው በያዘው ግስጋሴ ነው። በጣም የቀለለ ሮኬት በአየር መጎተት ቶሎ ይቆማል። ለእያንዳንዱ ሮኬትና ሞተር ከፍተኛውን ከፍታ የሚሰጥ አንድ ክብደት አለ፤ ኦፕንሮኬት ላይ ክብደቱን እየቀያየሩ ማየት ቀላል ነው። ቀጭንና ፈጣን ሮኬት ከዚያ ክብደት በታች ሊወርድ ይችላል። ሰፊ ቱቦ ያለው የኮምፔንሳቶ ሮኬት ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው፣ ስለዚህ ማቅለሉ ይጠቅመዋል።

አብሮ የሚረሳ ነገር አለ፦ ክብደቱ ሲቀየር ጫፍ ላይ የሚደርስበት ሰዓትም ይቀየራል። በድሮው ክብደት የተመረጠ የሞተር መዘግየት (ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን የሚፈነቅለው ባሩድ እስኪነድ ያለው ጊዜ) ፓራሹቱን ገና በፍጥነት ሳለ ሊያወጣው ይችላል፤ ያኔ ገመዱ የካርቶኑን ቱቦ ከአፉ ወደ ታች ይተረትረዋል። መዘግየቱን እንደገና ያስሉ።

ችግር፦ በፓራሹቱ በኩል ከቀነሱ በኋላ ገመድ ተበጠሰ ወይም ሚዛኑ ተበላሸ

የፓራሹቱ ክፍል ብዙ ጊዜ ከክብደት ማዕከሉ ፊት ነው። እዚያ ያለ እያንዳንዱ ግራም የእርሳስን ቦታ ይይዛል፤ ሲያወጡት ምናልባት ሌላ እርሳስ ያስጨምርዎታል። ስለዚህ ገመዱን ማቅጠን፣ መያዣውን ማሳነስ ትርፉ ትንሽ፣ አደጋው ትልቅ ነው። አልነካውም።

የፓራሹቱ ስፋት ግን በልክ ይሁን። የሚያስፈልገው የጨርቅ ስፋት በካሬ ሜትር ሲለካ ከክብደቱ ጋር እኩል ይቀንሳል፣ ዲያሜትሩ ግን ከዚያ ባነሰ፦ 8 ኪሎ ሮኬት በሰከንድ 6 ሜትር እንዲወርድ ወደ 1.75 ሜትር ዲያሜትር ያለው ጥሩ ጉልላት ፓራሹት ቢፈልግ፣ 6.5 ኪሎው በ1.6 ሜትር ይወርዳል። ትልቁን እንዳለ መተው ሮኬቱን ነፋስ ከሜዳው ውጭ እንዲወስደው ይጋብዛል።

የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ ያሉት የብረት ዘንጎች በአሉሚኒየም ሊተኩ ይችላሉ፤ ክብደታቸው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጥንካሬያቸውም ስለሚቀንስ፣ ፓራሹቱ ሲከፈት የሚፈጥረው ጉተታ በሙሉ በዘንጎቹ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ውፍረታቸውን ከፍ ያድርጉ። ዘንጉ ሲቀየር ዳዶውና ሮንዴላውም በልኩ ይቀየር፤ ሮንዴላው ሰፊ ካልሆነ ዳዶው ኮምፔንሳቶውን ጨፍልቆ ይወጣል።