ያገለገለ ፊፍዝ ዊል ገዝቶ ክረምት ከበጋ ለመኖር

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ አካባቢ፣ ፊፍዝ ዊል ውስጥ ነው፤ ፊቱ ፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ አርፎ የሚጎተት ቤት ማለት ነው። ትራክ የሚነዱ ጓደኞቼ የቤት ኪራይ ባንገሸገሻቸው ቁጥር «እንዳንተ ያለው በስንት ይገኛል?» ይሉኛል። እኔ ከዋጋው በፊት ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ነው የማየው።

ለማየት ስትሄዱ መሰላል ያዙ። ጣሪያው ላይ በአየር ማስወጫዎቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ የውጪውን ግድግዳ ከጫፍ ቆማችሁ በርዝመቱ እዩት። ያበጠ ወይም ሞገድ የሠራ ቦታ ካለ ፋይበርግላሱ ለቋል፤ ጥገናው ኪስ ያራቁታል። ውስጥ ስትገቡ ጫማ አውልቁ። የምሬን ነው። በካልሲ ሆናችሁ ሻወሩ አጠገብ፣ ሽንት ቤቱ ዙሪያና ተገፍቶ የሚወጣው ክፍል ማዕዘኖች ላይ ተረከዛችሁን ጫን አድርጉ። ወለሉ ስምጥ ካለ ቻው ብላችሁ ውጡ። አልጋው ሥር ያለውን ማስቀመጫም ከፍታችሁ አሽትቱ። ቤቱ ሽቶ ሽቶ ካለ ደግሞ ምን ሊደብቁ ነው በሉ።

ቀጥሎ ብርዱ ነው። ጎኑ ላይ «ፎር ሲዝን» (ለአራቱም ወቅት የሚሆን) የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ፤ ፋብሪካው ደስ ሲለው የሚለጥፈው ነው። ይልቅ ጎንበስ ብላችሁ ሆዱን እዩ። የውሃና የፍሳሽ ታንከሮቹ ተሸፍነዋል? የማሞቂያው ሙቅ አየር እነሱ ጋ ይደርሳል? መስኮቶቹ ድርብ መስታወት ናቸው? ማሞቂያውን አስነሱና ግማሽ ሰዓት አቆዩት። በሰዓት 35,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሆነ ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢነድ ባለ 30 ፓውንድ የፕሮፔን ሲሊንደር አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወጪያችሁን ስታሰሉ ፕሮፔኑን ከማቆሚያ ቦታው ኪራይ ጋር ደምሩት።

መብራቱ ላይ 50 አምፕ ፈልጉ። 30 አምፕ የሚሰጣችሁ 3,600 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣዱ 1,500 ዋት፣ ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሌላ 1,500። አንዱ ማይክሮዌቭ ሲነካ ብሬከሩ ጧ! 50 አምፕ ግን 12,000 ዋት ይሸከማል። እንጀራ ስትጋግሩ ማራገቢያውን ክፈቱ፤ በብርድ ቀን እንፋሎቱ መስኮቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል።

የሚጎትተውን መኪና በተመለከተ፣ «እኔ ሰሚ፣ ያንን ትልቅ የጭነት ትራክ፣ የምነዳ ሰው» የሚለውን ጉራ ተዉት። ከተጎታቹ ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶው የሚያርፈው ፒክአፑ ላይ ነው። 14,000 ፓውንድ ከሆነ 2,800 እስከ 3,500 ማለት ነው። መኪናችሁ ስንት እንደሚጭን በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፤ አንብቡት። የተጎታቹ ጎማ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች እዩ፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ይቀነስላችሁ።

ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ቪን ቁጥር፣ ማለትም የተጎታቹ መለያ ቁጥር፣ ሻንሲው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፣ የባንክ ዕዳ እንደሌለበትም ይጣራ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ግን ተጎታቹን የምታቆሙበት ፓርክ፣ ማለትም ቦታ የሚያከራየው ግቢ፣ ደውሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን የማያስገቡ ብዙ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ መኖር ይፈቀድ እንደሆነ፣ ውሃው በበረዶ ወቅት ይዘጋ እንደሆነም በዚያው ጠይቁ።