ለተወካያችን ከመጻፋችን በፊት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ በሚሠራባት ጠባብ ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ። "እህቴ፣ እስቲ ለፓርላማ ጻፊልኝ" እያለ የሚገባ ሰው አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ጉዳይዎ የማን ነው?" ብዙ ደብዳቤ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። የከተማው ጉዳይ ለፌደራል ይጻፋል፣ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ወራት ያልፋሉ፣ ባለጉዳዩም "ድሮስ ማን ይሰማናል" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መጠየቅ መብታችን ነው፤ ግን የምንጠይቀውን በር ማወቅ አለብን።

አራት ኪሎ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌደራል ሕግ ያወጣል፣ የፌደራል በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችንና የፌደራል ተቋማትን ይቆጣጠራል። ፓስፖርት፣ መብራት፣ ቴሌ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ እነዚህ ወደዚያ ያመራሉ። የክልሉን ጤናና ትምህርት ቢሮዎች የሚጠይቀው የሲዳማ ክልል ምክር ቤት ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የቦታ ጉዳይ፣ የቆሻሻ ማንሳት የከተማው ናቸው፤ ታቦርም ኑሩ ሐይቅ ዳር፣ ከቀበሌና ከክፍለ ከተማ ጀምሩ። ፍርድ ቤት የያዘውን ክርክር ግን ማንም ተመራጭ አያስቀይርላችሁም። ተወካይ መታወቂያ አያወጣም፣ ሥራም አያስቀጥርም። ይህን ለሚለምኑኝ ሰዎች ደብዳቤውን ጽፌ ገንዘብ ከመቀበል እውነቱን ብነግራቸው እመርጣለሁ።

ተወካያችሁን የማታውቁ ከሆነ አትፈሩ፣ ብዙዎቻችን አናውቅም። ድምፅ የሰጣችሁበትን ምርጫ ጣቢያ አስታውሱ። ጣቢያው በየትኛው የምርጫ ክልል ሥር እንደሆነ ቀበሌ ጠይቁ። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አባላቱ ከነምርጫ ክልላቸው ይገኛሉ። በ2013 ሰኔ ላይ ስንመርጥ ሁለት ወረቀት ነበር የተሰጠን፤ አንዱ ለፌደራል፣ አንዱ ለክልል። ስለዚህ የሁለቱንም ስም ያዙ።

ቀጥሎ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ምን እየሠሩ እንደሆነ እዩ። ምክር ቤቱ በዓመት የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። መደበኛ ስብሰባው በአብዛኛው ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱም ስብሰባው በግልጽ እንዲካሄድ ያዝዛል። የጸደቀ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው፤ ሁለቱ ቢጋጩ የአማርኛው ይጸናል። "ሕግ የጠበቃ ነው" አትበሉ። አማርኛውን ቀስ ብላችሁ ካነበባችሁት ይገባችኋል።

ለምሳሌ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ፔይሮላቸውን ይዘው ይመጡና "ግብሩ ልክ ነው ወይ?" ይሉኛል። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ይህን ያጸደቁት የእኛ ተወካዮች ናቸው። የ2018 የፌደራል በጀትንም፣ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፣ ያጸደቁት እነሱ ናቸው። ዜናው ግን "በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ብሎ ያልፋል። የእናንተ ተወካይ ደግፎ ይሁን ተቃውሞ ወይም ድምፀ ተዓቅቦ አድርጎ ከዜናው አታገኙትም። ስለዚህ ራሱን ጠይቁት። "በዚህ አዋጅ ላይ ምን ድምፅ ሰጡ? ለምን?" ከዚህ የበለጠ ጨዋ ጥያቄ የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፤ እኔ የምኖረውም በሱ ነው።

በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ጻፉ። ውሃም መንገድም የልጅ ትምህርትም በአንድ ገጽ ከታጨቁ፣ አንባቢው የሚቀለውን መርጦ ይመልስና ሌላውን ይተዋል። ገጹ አንድ ይሁን። ከላይ በቀኝ ቀን፣ ከሥር "ለተከበሩ አቶ" ወይም "ለተከበሩ ወ/ሮ" ብላችሁ ስሙን፣ ቀጥሎ "ጉዳዩ፦"። አንድ "የተከበሩ" ይበቃል፤ ውዳሴው ሁለት አንቀጽ ከፈጀ ጥያቄው ከሥር ይቀበራል። እንባና እርግማንም ቀንሱ። ብሶታችሁ ገብቶኛል፣ ቢሮ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ግን ቀንና ቁጥር ነው።

የቤት ኪራይን እንውሰድ፤ ተከራይ የሆነ ሁሉ የሚቃጠልበት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያውንም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይገድባል። "አከራዬ በድላኛለች፣ ፍረዱኝ" ብላችሁ አትጻፉ። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

"ጉዳዩ፦ የአዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አፈጻጸም ይመለከታል። እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው በሐዋሳ ከተማ የምንኖር ተከራዮች አዋጁ በከተማችን በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚፈጸም፣ ውላችንን የት እንደምናስመዘግብ ማወቅ እንፈልጋለን። የተከበሩ ተወካያችን ይህንኑ ለሚመለከተው ቢሮ አቅርበው መልሱን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።"

ጥያቄው መልስ አለው፣ መልሱም ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አዋጁን ያወጣው የፌደራሉ ቢሆንም በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ የክልሉ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ለክልል ምክር ቤት ተወካይ ይሄዳል፤ ግልባጩ ለፌደራሉ። ለክልሉ የሚገባው በሲዳሙ አፎ ቢሆን ይመረጣል፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና። የሚጽፍ ጎረቤት ካላችሁ አስተርጉሙት።

ከሥር ስም፣ ፊርማ፣ ቀበሌ፣ ስልክ ይኑር። በቡድን ከሆነ ፊርማውን በተለየ ወረቀት አሰባስቡ፤ በወረቀቱ አናት ላይ ግን ጉዳዩ ይደገም። ያለዚያ ያ የፊርማ ዝርዝር ከደብዳቤው ሲነጠል የምን እንደሆነ አይታወቅም። ማስረጃው ኮፒ ይሁን። ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ እባካችሁ! ዋናውን አስረክበው ባዶ እጃቸውን የቀሩ እናቶች አይቻለሁ።

ደብዳቤውን ሁለት አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ውሰዱ። አንዱን ያስቀራሉ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማህተም ያሳርፉበታል። "እኛ ጋ ይቀመጣል፣ ማህተም አያስፈልግም" ካሏችሁ በትህትና ቁሙ። ያቺ ማህተም ያረፈባት ኮፒ ናት ነገ የምትመሰክርላችሁ። በስልካችሁም ፎቶ አንሷት።

ሌላው መንገድ መድረክ ላይ መጠየቅ ነው። ተወካዮች ምክር ቤቱ ሲዘጋ፣ በክረምትና በመካከል በሚሰጠው የአንድ ወር ዕረፍት፣ ወደ መራጩ ሕዝብ ይወርዳሉ። ቀኑን ከቀበሌ ቀድማችሁ አጣሩ። አዳራሹ ይሞላል፣ ዕድል ሲደርሳችሁም ጊዜው አጭር ነው። ስማችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ ከዚያ ጥያቄውን። ታሪኩን ከአያት ጀምራችሁ አታውሩ። ስትጨርሱ ደብዳቤውን በእጁ ስጡት።

መልስ ከጠፋስ? በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ነው፤ ለመመለስም 30 ቀን አለው። ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። መሥሪያ ቤት ካጉላላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ሐዋሳም ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ግን አያይም። የሰብዓዊ መብት ጥሰት ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እዚሁ ከተማ ጽሕፈት ቤት አለው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ተጽፏል። እዚያ ደረጃ ሳይደርስ የሚፈታው ብዙ ነው፣ ግን አንቀጹ መኖሩን እወቁት።

እንባ ጠባቂ ጋ ስትሄዱ መታወቂያችሁን፣ ማህተም ያለባትን ኮፒና እስካሁን የሄዳችሁበትን ቢሮ ሁሉ በቀን በቀን የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ። የቀኑን ዝርዝር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት፤ ኋላ ለማስታወስ ከመጨነቅ ያድናችኋል።