በጥንድ ባድሜንተን ሙያ ለመኖር የሚያስቡ ወጣቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴ ከተማ ባድሜንተን ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው ልጆች በሰፈር ሜዳ ላይ ያለ መረብ የሚቀባበሉት የመዝናኛ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ ታዳጊዎችን ሳሠለጥን፣ ይህን ጨዋታ ከልባቸው ሙያ ሊያደርጉት የሚፈልጉ፣ በተለይም ለጥንድ የተፈጠሩ የሚመስሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ችሎታቸው የተለያየ ቢሆንም የሚሰናከሉባቸው ድንጋዮች ግን ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ አብዛኞቹም የጥንድ ተጫዋችነት ሁለት ሰዎች በጋራ የሚይዙት አንድ ሙያ መሆኑን ካለመረዳት የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ጥንድን በነጠላ ላልተሳካለት ተጫዋች የተተወ መጠጊያ አድርጎ ማየት ነው። ሜዳውን በሜትር ስንለካው ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደሆነ ይገባናል። ርዝመቱ በሁለቱም ጨዋታ 13.40 ሜትር ነው፤ ስፋቱ ግን በነጠላ 5.18፣ በጥንድ 6.10 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሙሉ ሰው ሲጨመር የተጨመረው ስፋት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ባዶ ቦታ ስለሚጠፋ ሻትሉ (የላባው ኳስ) በመረቡ አናት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ በፍጥነት ይመላለሳል፤ ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜም የለም፤ ሻትሉን ወደ ላይ ለማንሳት የተገደደው ወገን ጥቃቱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሲያጠቁ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ሲከላከሉ ጎን ለጎን ሆነው፣ ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው ሳይነጋገሩ መሸጋገር በነጠላ ልምምድ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ስለዚህ ጥንድን የመረጠ ልጅ ገና ከጅምሩ በጥንድ ልምምድ ማደግ ይኖርበታል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የሰርቭ ቸልተኝነት ነው። ወጣቶቻችን የልምምዳቸውን ሰዓት በሙሉ ስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚወርደውን ምት፣ ሲመቱ ያሳልፋሉ፤ ሰርቭ ግን ጨዋታ ለማስጀመር ብቻ የሚደረግ ነገር ይመስላቸዋል። በጥንድ አጭሩ ሰርቭ ከባድ ፈተና ነው። ሻትሉ በሚመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት፤ መሐሉ ላይ 1.524 ሜትር ከፍታ ያለውን መረብ አልፎ፣ ከመረቡ 1.98 ሜትር ከሚርቀው መስመር ወዲያ ማረፍ ይጠበቅበታል። በረጅሙ ልምታ ቢሉ ደግሞ የጥንድ የሰርቭ ክልል ከኋላው መስመር 76 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ይህን የሚያውቅ ተቀባይ ያለ ስጋት ወደ መረቡ ተጠግቶ፣ ራኬቱን አንስቶ ይጠብቅዎታል። ከመረቡ ጥቂት ከፍ ያለ ሰርቭ በፊትዎ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪዬ ከመረቡ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ሲባጎ ወጠረች፤ ከዚያም ዘወትር ማታ በመረቡና በሲባጎው መካከል ሻትል ታሾልክ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲባጎው ሲርገበገብ፣ እሷም ከንፈሯን ስትነክስ አይ ነበር። ወራት አልፈው ሲባጎው መንቀሳቀስ ሲያቆም፣ ከእሷ የበለጠ ጉልበት ያላቸው ተጋጣሚዎች ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይሸነፉላት ጀመር። አንድ ጌም 21 ነጥብ በሆነበትና እያንዳንዱ ቅብብል ነጥብ በሚያስገኝበት ሥርዓት አንድ የተበላሸ ሰርቭ በቀጥታ ለተጋጣሚ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ሌላው ስህተት ከአንድ ሽንፈት በኋላ አጣማሪን መቀየር ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ብዙ ተስፋ የሚጣልባቸው ጥንዶች በዓይኔ እያየሁ የፈረሱት በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው። በዓለም ደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ባለፉት 52 ሳምንታት በተገኘ ውጤት የሚሰላው ነጥብ የጥንዱ ነው፤ ተጫዋቹ ሌላ አጣማሪ ሲይዝ ያንን ነጥብ ተሸክሞ ወደ አዲሱ ጥንድ አይሄድም። አጣማሪ መቀየር ስህተት የሚሆነው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ኢንዶኔዥያዊው ሄንድራ ሴቲያዋን ከማርኪስ ኪዶ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ሻምፒዮና፣ በ2008 ደግሞ የቤጂንግ ኦሊምፒክን አሸንፏል፤ በኋላ ከመሐመድ አህሳን ጋር ተጣምሮ በ2013፣ በ2015 እና በ2019 ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ይህን ሰው ልብ ብሎ ላየ፣ በረጅም ዘመኑ ታላላቆቹን ድሎች ያገኘው ከሁለት አጣማሪዎች ጋር ብቻ ነው። የኛ ልጆች ግን በአንድ ክረምት ውስጥ ሦስትና አራት ሰው ይቀያይራሉ።

መለያየቱ የሚጀምረው ደግሞ ከዝምታ ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ራኬቱን አውርዶ ጣሪያውን ያያል፤ አፉ ምንም ሳይናገር ፊቱ ሁሉንም ይናገራል። የደሴ ልጅ ይሉኝታ ስላለበት ቅሬታውን በሆዱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱ ያ ቅሬታ ጨምሮ ይመጣል። እኔ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ፣ ተሸነፉም አሸነፉም፣ ሁለቱን ቡና ላይ አስቀምጬ እያንዳንዳቸው አጣማሪያቸው ያደረገላቸውን አንድ ጥሩ ነገርና ያስቸገራቸውን አንድ ነገር እንዲናገሩ አደርጋለሁ። በአቦሉ ዝም ይላሉ፤ በቶናው ግን የሆዳቸውን ያወጣሉ።

የአካባቢያችንን የአየር ሁኔታ መርሳት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወርደን ብዙም ሳንቆይ የምንደርስባት ከተማ ለሻትል ሌላ ዓለም ናት፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ 16 ላባ ያለው ይህ ቀላል ዕቃ የሚገታው ነገር ያንስና ርቆ ይሄዳል። ደንቡ የሻትልን ፍጥነት የሚፈትነው ተጫዋቹ ከኋላው መስመር ላይ ሆኖ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል ሲመታው ነው፤ ትክክለኛው ሻትል ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀርቶት ይወድቃል። ይህን ሙከራ ከአንድ ማሸጊያ በወጡ ሻትሎች በሁለቱም ከተሞች አድርገነዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከመስመሩ ጥቂት ቀርቶት ያረፈው ደሴ ላይ መስመሩን አልፎ ወደቀ። በማሸጊያው ላይ ከሚጻፉት የፍጥነት ቁጥሮች ዝቅተኛው ዝግተኛውን ሻትል ስለሚያመለክት፣ ለደሴ 75ን፣ ቢጠፋ 76ን መፈለግ ያሻል፤ ገበያ ላይ የተገኘውን 77 ገዝቶ መለማመድ ልጁን እጁን እየያዘ እንዲመታ ያስተምረዋል። በዚያ ልማድ ያደገ ተጫዋች እንደ ጃካርታና ኳላ ላምፑር ባሉ ቆላማ ከተሞች ሲወዳደር ወደ ኋላ የላካቸው ሻትሎች ሁሉ መሐል ሜዳ ላይ እየወደቁ ለተጋጣሚው ስማሽ ይመቻቻሉ። ስለዚህ በወር ውስጥ የተወሰኑ ቀናት ደሴዎቹ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው እንዲለማመዱ እመክራለሁ።

ከፊት የቆመ ተጫዋች አጣማሪው ምን እያደረገ እንደሆነ ለማየት ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 ህንዳዊው የጥንድ ተጫዋች ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ በሙከራ ላይ የመታው ስማሽ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ተለክቷል፤ ከኋላ ያለው አጣማሪዎ የሚመታው ከዚህ እጅግ ያነሰ ምት እንኳ ዓይን ያጠፋል። ራኬትዎን ከፍ አድርገው ወደ ተጋጣሚዎችዎ ይመልከቱ፤ አጣማሪዎ የት እንዳለ የሚነግርዎት የእነርሱ ዓይን ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ወላጆች ከተጫዋቾቹ ይልቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዲት የቧንቧ ውሃ ሰፈር እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ይህ ነገር እንጀራ ይወጣዋል?» ብለውኛል። እውነቱን ነገርኳቸው። በታላላቅ ውድድሮች ለአሸናፊው ጥንድ የሚከፈለው ሽልማት ለነጠላ አሸናፊ ከሚከፈለው እምብዛም አይበልጥም፤ ከዚያ ደግሞ ለሁለት ይካፈላል። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ማደሪያውና ቪዛው ግን ለእያንዳንዱ በየራሱ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ተጫዋች ወጪው ከገቢው የሚበልጥባቸው ዓመታት እንደሚኖሩ አውቆ መግባት ግዴታ ነው። በዚህ ምክንያት ትምህርትን አቋርጦ ራኬት ብቻ ይዞ መነሳት ትልቅ ስህተት ነው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በደሴም በኮምቦልቻም ስላሉ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ለኛ ልጆች የሚቻል ነገር ነው። አጣማሪዎች ደግሞ ሽልማቱን፣ ወጪውንና የስፖንሰር ገንዘብን እንዴት እንደሚካፈሉ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ይጻፉ። «ወንድሜ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» የሚባለው ቃል ስንት ወንድማማችነት እንዳፈረሰ በነጋዴው ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

በየመንገዱ የተከፈቱት የቤቲንግ ቤቶችም ለታዳጊዎቻችን ትልቅ አደጋ ናቸው። ዓለም አቀፉ የባድሜንተን ፌዴሬሽን ተጫዋቾች በባድሜንተን ጨዋታ ላይ እንዳይወራረዱ ይከለክላል፤ ጥፋቱም ከውድድር ያሳግዳል። ሆን ብሎ መሸነፍ ከዚያ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ከቻይና፣ ከደቡብ ኮሪያና ከኢንዶኔዥያ የመጡ አራት የሴቶች ጥንዶች በቀጣዩ ዙር የተሻለ ድልድል ለማግኘት ለመሸነፍ ሲጫወቱ፣ ሰርቩን መረብ ላይ ሲመቱ ታይተው ስምንቱም ተባረዋል። አንዷ ብቻ ፈልጋ ብትሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ አጣማሪዋ ልክ ያልሆነ ነገር ስትጀምር እምቢ ማለት የምትችለው ከማንም በላይ ሌላዋ ናት። አሠልጣኝ ቢያዝ እንኳ እምቢ ማለት እንደሚቻል ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ከተባረሩት ስምንቱ አንዷ ኢንዶኔዥያዊቷ ግሬይሲያ ፖሊ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ33 ዓመቷ፣ ከእሷ በዕድሜ በብዙ ከምታንሰው ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ተጣምራ የቶኪዮን ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። በሃያ አምስት ዓመታቸው «አርጅቻለሁ» ብለው ራኬት ለሚሰቅሉት ልጆች ይህን ታሪክ በዝርዝር እነግራቸዋለሁ፤ የጥንድ ተጫዋች እግሩ ሲዘገይ የሚተካለት ሜዳ የማንበብ ችሎታ አለውና። በዚያው የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ቅብብሉ ሳይቋረጥ የፖሊ ራኬት ክር ተበጠሰ። ሮጣ ከሜዳው ዳር ሌላ ራኬት አንስታ እስክትመለስ አፕሪያኒ ሜዳውን ብቻዋን ይዛ ቆየች፤ ነጥቡንም አገኙ። የኛ ልጆች ውድድር የሚሄዱት ግን አንድ ራኬት ይዘው፣ ክሩ ቢበጠስ ከተጋጣሚ እንለምናለን ብለው ነው። ክር የሚወጥርልን ሰው የምናገኘው አዲስ አበባ ልከን ስለሆነ፣ ከመነሻው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሁለት ሁለት ራኬት በተመሳሳይ ውጥረት አሠርተው፣ በሁለቱም ተለማምደውባቸው ይሂዱ።