በድሮ ሼቬል ላይ የፒካፕ ቪ8 ሞተር እንዴት ይገጠማል?

የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ 454ቱ ኤስኤስ፣ ማለትም ስለ ኃይለኛው የስፖርት ዓይነት ነው (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው)። አብዛኞቹ ሼቬሎች ግን ከፋብሪካ የወጡት ከዚያ በጣም ባነሰ ሞተር ነው። 250 ስድስት ሲሊንደር፣ 307 ወይም 350 ቪ8 ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ሞተር ዘይት ይበላል፣ በብርድ አልነሳም ይላል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል።

እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው የሚመርጠው መፍትሔ ኤልኤስ የሚባለው የጀነራል ሞተርስ ቪ8 ነው። በ1997 ኮርቬት ላይ ወጣ፣ በ1999 ደግሞ ወደ ፒካፖች ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ካርቡራተር የለውም፤ ቤንዚኑን የሚረጨው በኮምፒውተር ነው። ዲስትሪቢዩተርም የለውም፤ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ይነሳል፤ በቃ።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ ሞተር መቀየር ብርቅ አይደለም። ሞተሩ ካበቃለት ሶማሌ ተራ ተወርዶ ሌላ ይፈለጋል፤ ይገባል፤ መኪናው ሥራው ላይ ይመለሳል። ግን ያ አንድ ዓይነት ሞተር በአንድ ዓይነት ሞተር መተካት ነው። በ1970 መኪና ውስጥ የ2000ዎቹን ሞተር ማስገባት ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩን አንጠልጥሎ ማስቀመጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወራት የሚበላው ዙሪያው ነው። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ)፣ ቤንዚኑ፣ ውሃው፣ ሽቦው።

መጀመሪያ መኪናውን እወቁት

መኪናችሁ እውነተኛ ኤስኤስ ከሆነና የራሱ ሞተር አሁንም ውስጡ ካለ፣ እባካችሁ አትንኩት። ዋጋው ያ ሞተር ላይ ነው። በ1970 ሞዴል የሻንሲ ቁጥሩ ኤስኤስ መሆኑን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ቪ8 ወይም ስድስት ሲሊንደር መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲገጣጠም የተጻፈውን የፋብሪካ ወረቀት ፈልጉ። አንዳንዴ ከወንበሩ ስፕሪንግ መሀል ወይም ከቤንዚን ታንኩ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ኤስኤስ ያልሆነ ተራ ሼቬል፣ ለምሳሌ ማሊቡ የሚባለው ከሆነ ግን ሕሊናችሁ ነጻ ነው።

የምትኖሩበትን ስቴት ሕግም ቀድማችሁ ጠይቁ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ በጭስ ምርመራ ጥብቅ ናት። ይሁንና የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከምርመራው ነጻ ናቸው።

ሞተሩን መግዛት

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የምመክረው 5.3 ሊትሩን ነው። ከ1999 እስከ 2007 ድረስ በሲልቨራዶ፣ በታሆ፣ በሰበርባንና በዩኮን ላይ ሞልቶ ነበር። ብሎኩ ብረት ስለሆነ ከአሉሚኒየሙ ይከብዳል። ግን በየመኪና መቃብሩ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ይችላል።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። 4.8 ሊትሩና 5.3ቱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። የፒስቶናቸው ስፋት እንኳ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ፒስቶኑ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ 83 ሚሊሜትር በ4.8፣ 92 በ5.3። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ጠይቁ። ስምንተኛው ምልክት የላቲኑ ቲ ከሆነ 5.3 ነው፤ ቪ ከሆነ 4.8 ነው።

ስትገዙ ሙሉውን ግዙ። ከነሽቦው፣ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነዲናሞው፣ ከነቺንጋ መዘውሮቹ። የነዳጅ ፔዳሉ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ፔዳሉንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ፔዳሉ፣ ኮምፒውተሩና የሞተሩ አየር መክፈቻ (ስሮትል) ካልተስማሙ አይሠራም። በገመድ የሚሳበውን የቀድሞውን ዓይነት ካገኛችሁ ሥራው ይቀላል። የፒካፕ፣ የካማሮና የኮርቬት ቺንጋ አቀማመጥ ይለያያል። ከየቦታው ለቃቅማችሁ አታቀላቅሉ።

አሮጌውን ማውጣት

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ባትሪውን ፍቱ፣ ውሃውንና ዘይቱን አፍስሱ፣ የኮፋኖውን ማጠፊያዎች በምልክት አስምራችሁ አውርዱ። ራዲያተሩን፣ ማርሚታውን፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ፍቱ። ከዚያ ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ በክሬን አውጡ። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጥግ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቦታው ባዶ ሲሆን እጠቡት፣ ቀለም ቀቡት። እንደዚህ ባዶ ሆኖ ዳግመኛ አታገኙትም።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ

ሰዎች የሚቸኩሉት እዚህ ነው፤ እኔ ግን ረጅሙን ጊዜ የማጠፋው እዚሁ ነው። ሞተሩ ማቆሚያው ላይ እያለ በአሥር ደቂቃ የሚሠራው ነገር መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ቅዳሜና እሁድን ይበላል።

ኮፓውን ፍቱ። ከሥር ዘይት የሚስበውን ቱቦ ታያላችሁ። ቱቦው ወደ ፖምፓው የሚገባበት ጫፍ ላይ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች፤ ኦሪንግ። ዕድሜዋ ከሄደ ጠፍጣፋ ትሆናለች፤ በጣታችሁ ስትጫኗት ወደ ቦታዋ አትመለስም፣ እንደ ደረቀ ማስቲካ ነው። በዚያች ቀለበት በኩል ፖምፓው አየር ይስባል። የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ኩሽኔታው አለቀ ብሎ ሞተሩን ሊጥል ይደርሳል። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ቀይሩ። ውፍረቷ እንደ ቱቦው ዓይነት ስለሚለያይ ለቱቧችሁ የተሠራችውን ግዙ።

የኋላውን የዘይት ሲል፣ የኮፓውን ጓርኒሲዮንና የውሃ ፖምፓውን አብራችሁ ቀይሩ። የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከተነሳ ከሥሩ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ኖክ ሴንሰሮች (የሞተሩን ማንኳኳት የሚያዳምጡ) አሉ። ውሃ እየገባባቸው ይዝጋሉ። ተነስቶ እያለ እነሱንም ቀይሯቸው።

ከዚያ የኮፓው ጉዳይ። የፒካፕ ኮፓ ጥልቅ ነው። ሼቬል ላይ ካስገባችሁት ከፊት ካለው አግዳሚ ብረት በታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ይወስደዋል። ለድሮ መኪና ተብሎ የተሠራ ኮፓ ይሸጣል። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ስትገዙ ዘይት መሳቢያ ቱቦው አብሮት መምጣቱን አረጋግጡ።

ገብቶ መለካት

የድሮው ሞተር በየጎኑ በሦስት ቡሎን ይያዛል። ኤልኤስ በአራት ነው። መካከል የሚገባ ማስተካከያ ሳህን ስላለ ሻንሲውን መቁረጥ አያስፈልግም። ሳህኖቹ ሞተሩን ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚያስቀምጡ የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ኮፓውን፣ ማስተካከያ ሳህኑንና የጭስ ማውጫ ኮሌክተሩን አብረው እንዲሄዱ ከታሰቡ ውስጥ ምረጡ።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታጠብቁ አስገቡት። ከመሪው ዘንግ ጋር ይነካካል? በቀኝ በኩል ከታች የሚቀመጠው የኤሲ ኮምፕረሰር ሼቬል ላይ ሻንሲውን ይነካል። ወደ ላይ የሚያወጣው ብራኬት ያስፈልጋችኋል።

የፒካፑ አየር ማስገቢያ ከፍ ያለ ነው፤ ኮፋኖውን ሊነካ ይችላል። ይህን በግምት አትወስኑ። የልጆች መጫወቻ ሸክላ ውሰዱ። እንደ ትንሽ ሎሚ ጠቅልላችሁ ማኒፎልዱ ላይ ሦስት አራት ቦታ አስቀምጡ። ኮፋኖውን መልሳችሁ ግጠሙና ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ክፈቱ። የተጨፈለቀውን ሸክላ በቢላ ቁረጡና ውፍረቱን ለኩ። የቀረው ክፍተት ያ ነው። ሞተር ሲሠራ እንደሚንቀሳቀስ አትርሱ፤ ከጣት ውፍረት ያነሰ ከሆነ ዝቅ ያለውን የካማሮ ማኒፎልድ ፈልጉ።

ካምቢዮ

የድሮው ቲኤች350 ካምቢዮ ከኤልኤስ ጀርባ ይገጥማል። ነገር ግን የአዲሱ ሞተር ኮሎ (ክራንክሻፍት) በስተኋላ 10 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል። ያለሱ ካጠበቃችሁት ካምቢዮውን ታበላሹታላችሁ።

እኔ የምመርጠው ከሞተሩ ጋር የመጣውን 4ኤል60ኢ የሚባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። አራተኛ ማርሽ አለው፤ 0.70። በሀይዌይ ላይ ሞተሩ ሳይጮህ ትሄዳላችሁ። ግን ከባለ አራት ጎማ ጎታች ፒካፕ የወጣውን አትግዙ፤ ጭራው የተለየ ነው። 4ኤል60ኢው ረዘም ስለሚል የካምቢዮው መሸከሚያ ብረት ወደኋላ ይሄዳል፣ የኋላው ዘንግም ያጥራል። ዘንጉን ለባለሙያ አስቆርጡና ባላንስ አስደርጉ። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ካልሆኑ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ቤንዚን

የድሮው ሜካኒካል ፖምፓ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣል። ኤልኤስ የሚፈልገው 58 ነው። በመካከላቸው ስንት እጥፍ እንዳለ አስቡት። የድሮው የጎማ ቱቦና ክላምፕ ይህን አይችልም፤ ይፈነዳል፤ ከታች ደግሞ የጋለ ማርሚታ አለ። ስለዚህ አሮጌውን መስመር በሙሉ አንሱት። ታንኩ ውስጥ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግጠሙ፤ ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ቱቦ ብቻ ተጠቀሙ።

ግፊቱን ለማስተካከል ቀላሉ ዘዴ ከ1999 እስከ 2003 የነበረው የኮርቬት ፊልትሮ ነው። ውስጡ 58 ላይ የተስተካከለ ሬጉሌተር አለው። ታንኩ አጠገብ ታስሩታላችሁ፤ ትርፉን ወደ ታንክ ይመልሳል፣ አንድ መስመር ብቻ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በሥራው ሁሉ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

ውሃ

ከቴስታታዎቹ (የሲሊንደሮቹ ክዳኖች) አናት የሚወጣ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እንፋሎት ማውጫ ነው። የድሮው ሞተር ይህ ስላልነበረው ብዙ ሰው ይደፍነዋል። አትድፈኑት። እንፋሎቱ ቴስታታው ውስጥ ከታመቀ እዚያ ቦታ ብቻ ይግላል፤ ጌጁ ደግሞ ደህና ነኝ ይላችኋል። ቱቦውን ወደ ራዲያተሩ የላይኛው ክፍል መልሱት። ማራገቢያውን የኤሌክትሪክ አድርጉና ኮምፒውተሩ እንዲያዘው ተዉት።

ሽቦ

ሰው የሚፈራው ይህን ነው። በእርግጥ ግን ኮምፒውተሩ ከመኪናው የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ሁልጊዜ የሚኖር 12 ቮልት፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ 12 ቮልት፣ የቤንዚን ፖምፓው ሪሌይ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ የምርመራ ሶኬት፣ ጥሩ ግራውንድ። ግራውንዱን ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ፣ ከባትሪ ወደ ሞተር እሰሩ። ቀለሙን ፋቁለት። ኮምፒውተሩንም ፕሮግራም ማስደረግ አለባችሁ። የፀረ ሌባ መቆለፊያው ካልጠፋ ሞተሩ አይነሳም ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ሥራዬ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣውን 12 ቮልት ከሬዲዮው መስመር ወሰድኩት። ቁልፍ ስከፍት መብራቱ አለ፣ ፖምፓው ይጮኻል፣ ግፊቱ 58 ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም። ሁለት ቀን ሴንሰር በሴንሰር ፈተሽኩ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ መሞከሪያ መብራቱን ሽቦው ላይ ይዞ «በል አስነሳ» አለኝ። ቁልፉን ገፋ ሳደርግ መብራቱ ድርግም አለ። የሬዲዮ መስመር ሞተሪኖ ሲዞር ይቋረጣል። ኮምፒውተሩ የሚፈለግበት ሰዓት ላይ እየሞተ ነበር። የእናንተን ሽቦ ከመበየዳችሁ በፊት ልክ እንደዚሁ ፈትኑት፤ ሞተሪኖው እየዞረም መብራቱ መጥፋት የለበትም።

ማስነሳት

መጀመሪያ ዘይት። የቤንዚን ፖምፓውንና የኮይሎቹን ፊውዝ አውጡ፣ ሞተሪኖውን አሥር አሥር ሰከንድ እያሳረፋችሁ አዙሩ። የዘይት ግፊት ጌጁ ሲነሳ አቁሙ። ጌጁ ካልተነሳ ሞተሩን ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ወደዚያች ኦሪንግ ተመለሱ።

ቀጥሎ የፖምፓውን ፊውዝ ብቻ መልሱና ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። አንድ ሰው ከታች በባትሪ መብራት እያንዳንዱን የቤንዚን መጋጠሚያ ይይ። እርጥበት ካለ ቁሙ። ደረቅ ከሆነ የኮይሉን ፊውዝ መልሱና አስነሱት።

ሲነሳ ነዳጅ አትርገጡበት። ራሱ ይረጋጋል። ውሃው እየሞቀ አየሩ ሲወጣ ራዲያተሩ ይጎድላል፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከፍታችሁ ሙሉት። ማራገቢያው እስኪነሳ ድረስ ከአጠገቡ አትራቁ።

የመጀመሪያው ጉዞ በሰፈር ዙሪያ ይሁን፤ ቁልፍና ውሃ ይዛችሁ። ስትመለሱ ቀዝቅዞ እያለ የሞተሩን ማሰሪያዎች፣ የኮሌክተሩን ቡሎኖችና የዘንጉን ቡሎኖች እንደገና አጥብቁ። ከመቶ ማይል በኋላ ድገሙት። የኮሌክተሩ በተለይ ሁልጊዜ አንድ ሁለቱ ላልተው ይገኛሉ።